ጠዋት ጠዋት አልነሳ ያለው ኮምፒውተሬና የደብረ ብርሃኑ ጥገና ቤት

ይህ አስተያየት በደብረ ብርሃን ከተማ፣ ከዋናው አስፋልት ጥቂት ገባ ብሎ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ስለሚሠራ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ነው። ቤቱ የንግድ ስም አልጻፈም፤ በሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ «የኮምፒውተር ጥገና» ከማለት በቀር ሌላ ነገር አይልም፤ ሥራውንም የሚሠራው አንድ ወጣት ባለሙያ ብቻውን ነው። ባለፈው ኅዳር የቤቴ ኮምፒውተር አልነሳ ብሎ ባስጨነቀኝ ጊዜ በመጨረሻ የወሰድሁት ወደዚህ ቤት ነበር። ያየሁትን በዝርዝር ለመጻፍ የተነሣሁትም፣ እንዲህ ያለ ችግር ይዞ ጥገና ቤት የሚሄድ ሰው ምን መጠበቅ፣ ምንስ መጠየቅ እንደሚገባው ከዚህ ልጅ አሠራር ስለ ተማርሁ ነው።

ኮምፒውተሩ ከስምንት ዓመት በፊት ክፍሎቹ ተገጣጥመው የተገዛ ዴስክቶፕ ነው። መሣሪያው ዛሬ ገበያ ቢወጣ ብዙ ዋጋ አያወጣም፤ በውስጡ የተቀመጠው ግን የጠባሴ ሰፈር እድራችን መዝገብ ነው። የእድሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የእያንዳንዱ አባል ወርኃዊ መዋጮ፣ ለኀዘንተኛ የተከፈለው ገንዘብ፣ የድንኳኑና የወንበሩ ኪራይ፣ ከቀብር የቀረና ቅጣት የከፈለ ሰው ስም ሳይቀር ሁሉም በዚያ ላይ ተጽፏል። በወረቀት የተገለበጠው እስከ 2015 ዓ.ም. ያለው ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን በሌላ ቦታ አለማስቀመጤ የራሴ ጥፋት ነው፤ ጭንቀቴንም ያበረታው ይኸው ነበር።

ችግሩ የጀመረው በጥቅምት መጨረሻ፣ የደብረ ብርሃን ውርጭ መጣል በጀመረበት ሰሞን ነው። ጠዋት ማብሪያውን ስጫን የፊት መብራቱ ብልጭ ይልና ፋኑ ግማሽ ዙር ዞሮ ቀጥ ይላል። አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግሜ ስጫነው ይነሳል፤ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ግን በመጀመሪያው ይነሳል። ሲነሳም ሰዓቱና ቀኑ ከብዙ ዓመት በፊት ወደ ነበረ ቀን ተመልሶ አገኘዋለሁ። እኔ ማብሪያው የላላ መስሎኝ ጠንከር አድርጌ ከመጫን በቀር ምንም አላደረግሁም። በኅዳር ሁለተኛ ሳምንት አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ አደረ፤ በማግስቱ መብራቱ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ጠዋትም፣ ቀትር ላይም፣ ማታም አልነሳ አለ።

በመጀመሪያ የወሰድሁት ወደ ሌላ ጥገና ቤት ነበር፤ ስሙን መጥቀስ አያስፈልገኝም። እዚያ የተቀበለኝ ሰው ገመድ ሰክቶ ማብሪያውን ሁለት ጊዜ ከተጫነ በኋላ፣ የሳጥኑን ክዳን ሳይከፍት፣ ማዘርቦርዱ፣ ማለትም ክፍሎቹ ሁሉ የሚገናኙበት ዋናው ሰሌዳ፣ ተቃጥሏልና መቀየር አለበት አለኝ፤ ከዚያም ፋይሎቹ የተቀመጡበት ሃርድ ዲስክ ፎርማት ተደርጎ፣ ማለትም ያለበት ሁሉ ተጠርጎ፣ አዲስ ዊንዶውስ ይጫናል፣ ለሁሉም 14,000 ብር ይሆናል ብሎ ጨመረልኝ። የእድሩ መዝገብ እንዴት ይሆናል ብዬ ብጠይቀው «ከተረፈ ይተርፋል» የሚል መልስ ሰጠኝ። ያንን ቃል ሰምቼ ኮምፒውተሬን እዚያ ጥዬ መምጣት አልቻልሁም። መልሼ ወደ ቤት ወሰድሁት።

ከሁለት ቀን በኋላ አንድ የእድራችን አባል የዚህን ወጣት ስልክ ሰጠኝ። ደውዬ ኮምፒውተሬ አልነሳ ብሏል ስለው፣ አምጡት ከማለቱ በፊት ይጠይቀኝ ጀመር። የተሰካበት ሶኬት ላይ የስልክ ቻርጀር ሰክቼ ይሠራ እንደ ሆነ እንድሞክር፤ ዲቫይደሩን ትቼ ገመዱን በቀጥታ ግድግዳው ላይ እንድሰካው፤ በተለምዶ ሲፒዩ የምንለው ሳጥን ከኋላው፣ ገመዱ ከሚገባበት አጠገብ ያለችው ትንሽ ማጥፊያ ሳይታወቅ ተነክታ እንዳይሆን እንዳይ፤ ከመዳፊትና ከኪቦርድ በቀር የተሰካውን ፍላሽ፣ ፕሪንተርና ሌላ ሌላውን ሁሉ እንድነቅል፤ ከዚያም የመብራት ገመዱን ነቅዬ ማብሪያውን ሠላሳ ሰከንድ ያህል ተጭኜ ከያዝሁ በኋላ መልሼ እንድሞክር ነገረኝ። በአንዳንድ አሮጌ መሣሪያዎች ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ መምረጫ እንዳለና፣ ካለ ፈጽሞ እንዳልነካው፣ የእኛ አገር መብራት 220 ቮልት ስለሆነ ወደ 115 የተገፋ እንደ ሆነ መሣሪያው በዚያው ቅጽበት እንደሚቃጠል አስጠነቀቀኝ። ሁሉንም አደረግሁ፤ ለውጥ አልመጣም። በዚህ መካከል የከፈልሁት ገንዘብ የለም፤ እርሱ ግን ሩብ ሰዓት ያህል በስልክ አብሮኝ ቆየ።

የስልኩ ምርመራ ዋጋው የገባኝ በኋላ፣ ቤቱ ተቀምጬ ሌሎች ደንበኞችን ስመለከት ነው። ከመሐል ሜዳ የመጣ አንድ ወጣት የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ተሸክሞ ገባ፤ ሳጥኑ ይነሳል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ባለሙያው ሳጥኑን ሳይከፍት ከኋላ አየው፤ ኮምፒውተሩ ተጨማሪ የምስል ካርድ ተገጥሞለት ሳለ የስክሪኑ ገመድ የተሰካው በማዘርቦርዱ መውጫ ላይ ነበር። ነቅሎ ካርዱ ላይ ሰካው፤ ምስሉ መጣ። ገንዘብ አልተቀበለም፤ «ወንድሜ፣ ቀድመህ ብትደውል ኖሮ ይህን ሁሉ መንገድ አትመጣም ነበር» ብሎ ሸኘው። ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከደነባ ወይም ከዓለም ከተማ መሣሪያ ጭኖ ለሚመጣ ሰው እንዲህ ያለው የስልክ ጥያቄ የአውቶቡስ ሒሳብና የአንድ ቀን ድካም ያተርፋል።

ወደ ራሴ ጉዳይ ልመለስ። ሳጥኑን በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ጠቅልዬ በባጃጅ ወሰድሁት። ሰዓቱ ገና ማለዳ ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ የከሰል ምድጃ ይነድ ነበርና ሞቅ ይላል። ባለሙያው ብርድ ልብሱን ፈቶ ሳጥኑን በእጁ ዳሰሰና አንድ ሰዓት ያህል ሳይሰካ እንደሚያቆየው ነገረኝ። ምክንያቱን ስጠይቀው ቀዝቃዛ ብረት ሙቅ ክፍል ሲገባ የአየሩ እርጥበት ላዩ ላይ ወደ ጠል እንደሚለወጥ፣ ጠል ባለበት ላይ መብራት መልቀቅም መሣሪያውን ሊያጠፋ እንደሚችል አስረዳኝ። የመነጽር ባለቤት የሆነ ሰው ከብርድ ወደ ቤት ሲገባ የሚያየው ነገር ነው፤ እኔም መነጽር አድራጊ ነኝ፤ ስለ ኮምፒውተሩ ግን አስቤው አላውቅም ነበር።

በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ጥያቄውን ቀጠለ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ኋላ ላይ መልሱ ሆኖ ተገኘ፦ «ጋሼ፣ የሚያስቸግረዎት ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት?» የመጀመሪያው ጥገና ቤት ይህን አልጠየቀኝም፤ እኔም ቁም ነገር አይደለም ብዬ አልተናገርሁም። ጠዋት እንደሚብስ፣ ቀኑ ሲሞቅ ይሻለው እንደ ነበር፣ ፈጽሞ የቆመውም መብራት ጠፍቶ ካደረበት ሌሊት በኋላ እንደ ሆነ ስነግረው በትንሽ ደብተር ላይ ጻፈው።

ከዚያ ሥራውን በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠራ ነገረኝ፤ ይህን ለማንኛውም ሰው ይጠቅማል ብዬ ስለማምን እዚህ አኖረዋለሁ። ኮምፒውተር አልነሳም ሲባል ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም እየተጠሩ ነው። አንደኛው ኃይል ያለመኖር ነው፤ መብራት አይበራም፣ ፋን አይዞርም፣ ወይም ዞሮ ይቆማል። ሁለተኛው ኃይል ኖሮ ምስል ሲጠፋ ነው፤ በዚህ ጊዜ ማዘርቦርዱ ራሱን ሲፈትሽ እንቅፋት አጋጥሞታል ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከቦታው የላላ ወይም ጥርሱ የቆሸሸ ራም (የጊዜያዊ ማስታወሻው ካርድ) ይሆናል፣ እሱንም አውጥቶ የነሐስ መሳይ ጥርሱን በንጹሕ ላጲስ ጠርጎ መመለስ ብቻ የሚያስነሳው ጊዜ አለ። ሦስተኛው ምስሉ መጥቶ ዊንዶውስ አልጫን ሲል ነው፤ እዚህ ላይ ነው ስለ ሃርድ ዲስክና ስለ ፋይል መነጋገር የሚገባው። አንደኛውን ሳያልፉ ስለ ሦስተኛው መናገር፣ ማለትም ኃይል ያላገኘ መሣሪያ ላይ ስለ ፎርማት ማውራት፣ ትርጉም የለውም። ይህን ሲናገር የሌላውን ጥገና ቤት ፍርድ ገና አልነገርሁትም ነበር።

መሣሪያውን ከመንካቱ በፊት ያደረገው ሌላ ነገር ነው፤ እኔ ከሁሉ አስበልጬ የማመሰግነውም ይህን ነው። በውስጡ የማይጠፋ ነገር እንዳለ ጠየቀኝ፤ የእድሩን መዝገብ ነገርሁት። በካቻቢቴ ክዳኑን ከፍቶ ሃርድ ዲስኩን ነቀለና በዩኤስቢ ማገናኛ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አያያዘው፤ ዶሴው የት እንዳለ እኔ ራሴ በመዳፊቱ እንድፈልግ ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ እርሱ ፊቱን ወደ ሌላ ሥራ አዞረ። መዝገቡ ሙሉ በሙሉ አለ። ወደ ፍላሼ ገልብጬ፣ ከፍላሹ ላይ ከፍቼ አንድ ሁለት ወር አገላብጬ ካረጋገጥሁ በኋላ ነው ጥገናው የተጀመረው። በዚያች ሰዓት ትከሻዬ ላይ የነበረው ሸክም ወረደ ብል አላጋነንሁም። የቤት ኮምፒውተር ያለው ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው፦ ሳጥኑ አልነሳም ማለት በውስጡ ያለው ጽሑፍ ጠፍቷል ማለት አይደለም፤ ሃርድ ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ ተነቅሎ በሌላ መሣሪያ ላይ ይነበባል።

ምርመራው ፓወር ሰፕላዩ ላይ ተጀመረ። ይህ ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ተቀብሎ ለማዘርቦርዱ፣ ለሃርድ ዲስኩና ለፋኖቹ የሚስማማ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት አድርጎ የሚያከፋፍለው ክፍል ነው። ባለሙያው ቴስተሩን ይዞ የሐምራዊውን ሽቦ ለካ። ይህ ሽቦ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ እንኳ ገመዱ እስከ ተሰካ ድረስ 5 ቮልት ይይዛል፤ ማብሪያውን ስንጫን ትእዛዛችንን የሚቀበለው ክፍል የሚኖረው በዚህ ኃይል ነው። ደንቡ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ድረስ መፍቀዱን ነግሮኝ ቴስተሩን ወደ እኔ አዞረው፤ ቁጥሩ 4.2 ይላል፣ እሱም እየዋለለ። ማብሪያውን ሲጫን ደግሞ ጭራሽ ወደ 3 ወረደ፤ ፋኑም ያንኑ የማውቀውን ግማሽ ዙር ዞሮ ቆመ።

ቀጥሎ ያደረገውን በሌላ ቦታ አይቼ አላውቅም። የጸጉር ማድረቂያ አምጥቶ በዝቅተኛው ሙቀት፣ ራቅ አድርጎ፣ በፓወር ሰፕላዩ ወንፊት በኩል ሞቅ ያለ አየር ለአምስት ደቂቃ ያህል ነፋበት፤ ከዚያ እንደገና ለካ። ቁጥሩ ወደ 4.8 ወጣ። ማብሪያውን ሲጫን ፋኑ ዞረ፤ አልቆመም። አሥር ቀን ሙሉ ሙት የነበረው መሣሪያ ፊቴ ላይ ነቃ። «ጋሼ፣ ማዘርቦርድዎ ደኅና ነው፤ የበረደው ሌላ ነው» አለኝና አጠፋው።

ምክንያቱን በሚገባ አስረዳኝ። በፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ካፓሲተር የሚባሉ፣ የሚዋዥቀውን ኃይል አጠራቅመው የሚያረጋጉ ትንንሽ ጣሳ መሳይ ነገሮች አሉ። በውስጣቸው ኤሌክትሮላይት የሚባል ፈሳሽ አለ። ይህ ፈሳሽ በዕድሜና በሙቀት ብዛት ቀስ በቀስ ይደርቃል፤ የቀረው ጥቂቱ ደግሞ በብርድ ጊዜ እንደ ረጋ ቅቤ ይወፍርና ሥራውን ይለግማል። ካፓሲተሩ አዲስ ሳለ ፈሳሹ ብዙ ስለሆነ ብርዱ አይጎዳውም፤ ሲያረጅ ግን በብርድና በሙቀት መካከል ያለው ልዩነት በመነሣትና ባለመነሣት መካከል ያለ ልዩነት ይሆናል። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኝ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ በሚጥልባት ከተማ ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ እውቀት ነው። ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ ቢሆን ይህ መሣሪያ ምናልባት ሌላ አንድ ዓመት ሳያስቸግር ይሠራ ነበር።

መብራት ጠፍቶ ያደረበት ሌሊት ለምን ፈጽሞ እንደ ገደለውም ከዚሁ ጋር ተያይዞ ተገለጸልኝ። ገመዱ ተሰክቶ ሲያድር ያ የሐምራዊው ሽቦ ክፍል ሌሊቱን ሙሉ በጥቂቱ ስለሚሠራ ራሱን ለብ አድርጎ ያቆየዋል፤ ድካሙን የሸፈነለት ያ ሙቀት ነበር። መብራቱ ሲጠፋ ፈጽሞ ቀዘቀዘ፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ደግሞ ለመነሣት የሚያስፈልገውን ያህል ኃይል ማጠራቀም አቃተው። ለሳምንታት ያየኋቸው፣ እርስ በርስ የማይገናኙ የመሰሉኝ ምልክቶች በአንድ ምክንያት ሲፈቱ መስማት ያስደስታል።

በዚያ ብቻ አላቆመም። ደኅና መሆኑን የሚያውቀውን የራሱን ፓወር ሰፕላይ ለጊዜው አገናኝቶ ሞከረ፤ ኮምፒውተሩ ሳይሞቅም ተነሣ። ከዚያ ሁለት አማራጭ ሰጠኝ፦ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ከነዋስትናው በ3,000 ብር፣ ወይም የራሴን ካፓሲተሮች በ700 ብር መለወጥ። ገበያ ላይ ያሉ አንዳንድ ርካሽ ፓወር ሰፕላዮች ላያቸው ላይ የተጻፈውን ዋት በእውነት እንደማይሰጡ፣ የእኔው ደግሞ አሠራሩ ጠንካራ ስለሆነ ቢጠገን እንደሚሻል ሳይደብቅ ነገረኝ፤ ከሁለቱ የሚያተርፈው በመጀመሪያው ነበር። ጥገናውን መረጥሁ።

እዚህ ላይ አንባቢን ማስጠንቀቅ ይገባኛል። ፓወር ሰፕላይ ቤት ውስጥ የሚከፈት ነገር አይደለም። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም እንኳ በውስጡ ያለው ትልቁ ካፓሲተር እስከ 310 ቮልት የሚደርስ ኃይል ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ያ ደግሞ ሰው ይገድላል። ባለሙያው ከመክፈቱ በፊት ነቅሎ አቆየው፤ ከከፈተው በኋላም ኃይሉ መውጣቱን በቴስተር ሳያረጋግጥ ጣቱን አላስገባም፤ እኔንም ወደ ኋላ እንድቀመጥ አደረገኝ። ከፍቶ ያሳየኝ ሁለት ካፓሲተሮች አናታቸው እንደ እንጀራ ዓይን ሳይሆን እንደ ዳቦ ተነፍቶ ነበር፤ ሌሎች ሦስት ደግሞ ሲታዩ ደኅና መስለው ሲለኩ ደክመው ተገኙ። አምስቱንም ለወጠ፤ የወጡትን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። አሮጌውን ዕቃ መልሶ የሚሰጥ ጥገና ቤት ደንበኛውን የሚያከብር ቤት ነው።

ኃይሉ ሲስተካከል ሌላ ነገር ገጠመ። ኮምፒውተሩ ተነሣ፣ ምስሉ መጣ፣ ነገር ግን በጥቁር ስክሪን ላይ የሚነሣበት ዲስክ እንዳላገኘ የሚገልጽ ጽሑፍ ወጣ። ልቤ ደነገጠ፤ ፍላሹን በኪሴ ባልያዝሁ ኖሮ ደግሞ ይብስ ነበር። ብዙ ቦታ ፎርማት የሚታዘዘው እንዲህ ያለው ጽሑፍ ሲታይ ነው። ባለሙያው ግን ቀኑ ወደ ኋላ ይመለስ እንደ ነበር የነገርሁትን አልረሳም። በማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን፣ ከአንድ ብር ሳንቲም ጥቂት የምታንስ፣ 2032 የሚል ቁጥር ያላትን ክብ ባትሪ አውጥቶ ለካ፤ 3 ቮልት መያዝ ሲገባት 2.3 ብቻ ነበር የቀራት። ይህች ባትሪ ኮምፒውተሩ ከመብራት ሲነቀል ሰዓቱንና የማዘርቦርዱን ቅንብር የምታስታውስ ናት፤ እሷ ስትደክም ቅንብሩ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል፤ የፋብሪካው ቅንብር ደግሞ ዊንዶውስ በተጫነበት ጊዜ ከነበረው ጋር ላይስማማ ይችላል። ባትሪውን በ100 ብር ለወጠ፤ ወደ ቅንብሩ ገጽ ገብቶ የአነሣሡን ዓይነት ወደ ቀድሞው መለሰው፤ ሰዓቱን አስተካከለ። ዊንዶውሱ ከነዶሴዎቼ፣ ከነፎቶግራፎቼ፣ ምንም ሳይነካ ተከፈተ። ፎርማት አላስፈለገም።

ለምርመራው የከፈልሁት 200 ብር ነው፤ በጠቅላላ 1,000 ብር በቴሌብር ከፍዬ ወጣሁ። ከ14,000 ጋር ማነጻጸሩን ለአንባቢ እተዋለሁ።

ስለ ዊንዶውስ አንድ ነገር ልጨምር። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ከዚያ ወዲህ አሮጌ ኮምፒውተር ሲበላሽ «ዊንዶውሱ ጊዜው ስላለፈ ነው» የሚል ምክንያት እየተሰጠ ሰዎች አዲስ እንዲገዙ ሲገፋፉ ሰምቻለሁ። ድጋፉ መቆሙ የደኅንነት ማሻሻያ እንዳያገኝ ያደርገዋል፤ ይህም በይነመረብ ለሚጠቀም ሰው ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው፤ ነገር ግን ማብሪያው ሲጫን አልነሳ ማለት ከዚህ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ወጣቱ ይህን ለይቶ ነው የነገረኝ፤ ሊሸጥልኝ የሚችል ያገለገለ ኮምፒውተር መደርደሪያው ላይ እያለ።

ጉድለቶቹን ሳልጽፍ ብተው አስተያየቴ ሙሉ አይሆንም። በሁለት ቀን ያልቃል ተብዬ አራት ቀን ፈጅቷል፤ ባለሙያው ብቻውን በመሆኑ ሥራ ይደራረብበታል፤ ጄኔሬተርም ስለሌለው መብራት የጠፋበት ቀን እንዳለ ያልፋል። መዘግየቱን እኔ ደውዬ ነው የሰማሁት፤ እርሱ አስቀድሞ ሊያሳውቀኝ ይገባ ነበር። ከአራቱ ቀን ሁለቱ ግን በከንቱ አልሄዱም፤ ሁለቱንም ሌሊት ኮምፒውተሩን ነቅሎ፣ ምድጃ በሌለበት ጓዳ አሳድሮ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ማለትም ብርዱ በጠናበት ሰዓት ሰክቶ ይሞክረው ነበር። ጠዋት የሚታመምን መሣሪያ ቀትር ላይ ሞክሮ ድኗል ብሎ ማስረከብ እንደማይበቃ የተረዳ ሰው ያደረገው ነው፤ ይህን ምክንያት ያኔ ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ በትዕግሥት እጠብቅ ነበር።

ዋስትናውም አጭር ነው። በደረሰኙ ላይ በእጁ የጻፈልኝ የአንድ ወር ዋስትና ነው፤ እሱንም እኔ ጠይቄ ነው። የተለወጡት ካፓሲተሮች ዓመታት የሚያገለግሉ ከሆነ ሦስት ወር ቢሰጥ ራሱ አይጎዳም። የዋጋ ዝርዝር ግድግዳው ላይ አልተለጠፈም፤ ቢለጠፍ የማያውቀው ደንበኛ ሳይፈራ ይገባ ነበር። መቀመጫው በር ላይ ያለ አንድ አግዳሚ ብቻ ነው፤ በደብረ ብርሃን ነፋስ ውስጥ አረጋውያን እዚያ ቁጭ ብለው መጠበቃቸው ደስ አይልም። አንዲት እናት የልጃቸውን ላፕቶፕ ይዘው ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲጠብቁ «እማማ፣ ወደ ምድጃው ይምጡ» ብሎ የራሱን ወንበር ሲሰጣቸው አይቻለሁ፤ መልካም ነው፣ ነገር ግን ሁለት ወንበር መጨመር ከባድ ወጪ አይመስለኝም።

ከተረከብሁ ሁለት ወር አልፏል። በታኅሣሥ ውስጥ መስኮቱ ላይ ውርጭ ባየሁባቸው ጠዋቶች ሁሉ ሆን ብዬ ከሌላ ሥራ በፊት ሞክሬዋለሁ፤ በመጀመሪያው ይነሳል፤ ቀኑም ትክክል ነው። የእድሩ መዝገብ አሁን በፍላሽ ላይ አለ፤ ሁለተኛው ቅጂ በእድሩ ሰብሳቢ ቤት ይገኛል።

መብራት ሲጠፋ ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ ሳይሆን ገመዱንም እንድነቅል፣ መብራቱ ከተመለሰም በኋላ እስኪረጋጋ ጥቂት ደቂቃ እንድጠብቅ መክሮኛል። ስታቢላይዘር የቮልቴጁን መዋዠቅ ይቀንሳል እንጂ መብራት ሲጠፋ እንደማያድን፣ ሥራን አስቀምጦ በወጉ ለማጥፋት የሚያስችለው ዩፒኤስ የሚባለው ባለባትሪ መሣሪያ እንደ ሆነም ለይቶ አስረድቶኛል። ወደዚህ ቤት ለምትሄዱ ሁሉ የምለው፣ ከረፋዱ በፊት ደውሉ፣ ከሰዓት በኋላ ስልክ ብዙም አያነሳምና፤ ሳጥኑን ብቻም ሳይሆን ገመዱንና ዲቫይደሩንም ይዛችሁ ሂዱ። የእኔን ዲቫይደር ሲከፍተው አንደኛው መሰኪያ ውስጡ ጠቁሮ፣ መዳቡ ላልቶ ተገኝቷል፤ አዲስ እስክገዛ ድረስ እንዳልጠቀምበት ብሎ ገመዱን ቆርጦ ነው የመለሰልኝ።